ዶክተር ጁሊያኖ ቫንጌቲ

ከካሳላ እስከ ገዳሪፍና መተማ የሚዘረጋው ጠረፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጦርነት ያልተለየው አገር ነበር። ጣልያኖች በ1894 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ካሳላን ከድርቡሾች ሲወስዱ ያሰለፉት ጦር አብዛኛው አስካሪ ነበር፤ ይኸውም ከኤርትራና ከሱዳን የተመለመለ ወታደር ማለት ነው። በ1896 በዐድዋ ከተማረኩት አስካሪዎች መካከል በመቶ የሚቈጠሩት፣ ለባዕድ በመዋጋታቸው እንደ ከዳተኛ ተቈጥረው ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈረጡ። የዐድዋን ድል የሚያስተምር መምህር ይህንንም ሊሸሽገው አይገባም።

ወሬው ኢጣልያ በደረሰ ጊዜ ነገሩ እጅግ ካሳሰባቸው ሰዎች አንዱ፣ በ1861 በቶስካና አውራጃ በግሬቬ የተወለዱት ሐኪም ጁሊያኖ ቫንጌቲ ነበሩ። በዚያን ዘመን ሰው ሠራሽ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ለመልክ ብቻ የሚንጠለጠል፣ ወይም በትከሻ ማንገቻ የሚሳብ መንጠቆ ነበር። ቫንጌቲ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋነኞቹ ጡንቻዎች የሚገኙት በመዳፍ ሳይሆን በክንድ ነው፤ መዳፍ ቢቈረጥም ጡንቻው የሚስበው አጥቶ ይቀራል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ቀዳጁ ሐኪም የጅማቱን ጫፍ በቆዳ ሸፍኖ እንደ ቀለበት ወይም እንደ ዱላ ራስ ቢያበጀው፣ በዚያ ላይ የሚታሰር ገመድ የሰው ሠራሹን እጅ ጣቶች እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ይህን ሐሳብ ያሳተሙት በ1898 ነው፤ ከካሳላ የተነሣው የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ገዳሪፍን የያዘውም በዚሁ ዓመት ነበር። ራሳቸው ቀዶ ሐኪም ስላልነበሩ፣ ሥራውን በ1900 በፒዛ ከተማ በሰው ላይ መጀመሪያ የፈጸሙት አንቶኒዮ ቼቺ ናቸው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እጅ አልባ ወጣቶችን በሺሕ ባበዛ ጊዜ፣ በዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ዛወርብሩክ በጡንቻው ውስጥ በቆዳ የተለበጠ መተላለፊያ አበጅተው የዝሆን ጥርስ ችንካር በማሳለፍ ሥራውን አስፋፉት፤ በ1916ም መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ እጁ በብዙ አገር የሚጠራው በዛወርብሩክ ስም ሆነ፤ ይህም ለቫንጌቲ የሚገባ ዕድል አልነበረም። ጥቅሙንም በብዛት ያገኙት የአውሮፓ ቍስለኞች እንጂ የተከዜና የመረብ ማዶ ሰዎች አይደሉም።

ቫንጌቲ በ1940 ዐረፉ። የቆዳው መተላለፊያ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለ ሆነና በኤሌክትሪክ የሚሠራ እጅ ስለ መጣ ዘዴው እየቀረ ሄደ። ሆኖም በ2024 በዚያችው በፒዛ የሳንታና ተቋም ተመራማሪዎች በአንድ ሰው የክንድ ጡንቻዎች ውስጥ ስድስት ጥቃቅን ማግኔቶች ቀብረው፣ ጡንቻው ሲኮማተር የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ እየለኩ የሰው ሠራሽ እጅ ጣቶችን አዘዙበት።