ድሜጥሮስ፦ የትንሣኤን ቀን የቀመረው የወይን ገበሬ

የትንሣኤ በዓል በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ከመጋቢት 26 አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። በእነዚህ 35 ቀናት ውስጥ በዓሉ በየትኛው እሑድ እንደሚውል የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዚህን ቀመር ጅማሬ የሚሰጠው ለቤተ መንግሥት ሊቅ ወይም ለከዋክብት ተመራማሪ አይደለም፤ ለአንድ የእስክንድርያ የወይን ገበሬ እንጂ። እርሱም ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው።

ድሜጥሮስ የኖረው ግብፅ በሮማውያን ትገዛ በነበረበት በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በእስክንድርያ አቅራቢያ የሚገኘው የማርዮት ሐይቅ ዳርቻ በዚያ ዘመን በወይን ምርቱ የታወቀ ነበር። ድሜጥሮስም ወይን እየተከለ፣ እየገረዘና እየለቀመ የሚኖር፣ በትምህርት ያልገፋ ሰው እንደነበረ ይነገራል። በወላጆቹ ፈቃድ ልዕልተ ወይን የተባለችውን ዘመዱን አገባ። ሁለቱ ግን በድንግልና ለመኖር ተስማሙ፤ ምስጢራቸውን ከሰው ሰውረውም እንደ ወንድምና እኅት በአንድ ቤት ኖሩ።

ስንክሳር እንደሚተርከው፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዩልያኖስ ለሞት በተቃረበ ጊዜ፣ በማግሥቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው መንበሩን እንዲወርስ በመልአክ ተነገረው። ወራቱ የወይን ወራት አልነበረም። ድሜጥሮስ ግን በዚያው ሰሞን ወደ እርሻው ሲገባ ያለ ጊዜው ያፈራ ዘለላ አገኘ፤ ለራሱ ሳያስቀርም በረከት ይሆነው ዘንድ ወደ አባቱ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወሰደው። ዘለላውን ሊሰጥ የሄደው ገበሬ ያላሰበውን አደራ ተቀብሎ ተመለሰ። ይህም የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ገደማ ነው።

ሹመቱ ግን ሁሉንም ደስ አላሰኘም። አዲሱ ጳጳስ ያላገቡና የተማሩ አባቶች በተቀመጡበት መንበር ላይ የተቀመጠ ባለ ትዳርና ያልተማረ ሰው ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሳይገባቸው ወደ ቅዱስ ቍርባን የሚቀርቡትን እየለየ ይገሥጽ ስለነበር፣ ራሱ ሚስት ይዞ እንዴት ሌላውን ይመክራል የሚል ጉርምርምታ በሕዝቡ መካከል ተነሣ። ድሜጥሮስም ሕዝቡን ሰብስቦ ፍም በልብሱና በሚስቱ ልብስ ላይ አደረገ፤ ልብሳቸውም አልተቃጠለም። ለዓመታት የጠበቁትን ምስጢር የገለጠውም ለክብሩ ሳይሆን ስለ እርሱ የሚያጉረመርሙት ከበደል እንዲድኑ ብሎ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን ተአምር በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀን ታስበዋለች።

ድሜጥሮስን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው የአጽዋማትና የበዓላት ነገር ነበር። ምእመናን በአንድ ጊዜ የሚጾሙበትና በአንድ ቀን ትንሣኤን የሚያከብሩበት ሥርዓት እንዲጸና ፈለገ። ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ተመኘ። ምኞቱ ትልቅ፣ ዕውቀቱ ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቀኑንና ሌሊቱን ከፍሎ 23 ሱባኤና 7 ሱባኤ ገባ፤ ቀመሩም ተገለጠለት። 23 ሱባኤ 161 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 ሱባኤ 49 ቀን ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

ቀመሩ ዛሬም ይሠራል። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ዓመተ ኵነኔ ሲጨመር 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 ይመጣል፤ ነነዌም ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን እሑድ ይውላል።

የታሪክ ተመራማሪዎች የእስክንድርያ የትንሣኤ አቆጣጠር በብዙ ሊቃውንት እጅ፣ በረጅም ጊዜ ውስጥ እየተሟላ እንደመጣ ይናገራሉ። ጨረቃ በ19 ዓመት ዑደት ወደ ነበረችበት ቀን እንደምትመለስም ግሪካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያውቁ ነበር። የትውፊቱ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ዕውቀት ለለመነና ለደከመ ሰው የሚሰጥ ስጦታ መሆኑን ይናገራል። ገበሬ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ ዝናቡና ቡቃያው ግን ከእርሱ አይደሉም። ሆኖም ያላረሰ ሰው መሬት ላይ ዝናቡ ቢዘንብም እህል አይበቅልም። ድሜጥሮስም ቀመሩን በስጦታ ተቀበለ፤ የተቀበለው ግን በጾምና በትጋት ውስጥ ሆኖ ነው።

የጵጵስናው ዘመን ከፈተና አልራቀም። በ202 ገደማ በንጉሥ ሴፕቲሞስ ሴዌሮስ ዘመን በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሣ፣ የትምህርት ቤቱን ኃላፊነት ገና ወጣት ለነበረው ለአርጌንስ ሰጠ። ከዓመታት በኋላ ግን አርጌንስ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ በፍልስጥኤም ቅስና በመቀበሉ ተለያዩ፤ መምህሩም ከእስክንድርያ ወጥቶ በቂሣርያ ኖረ። የዚህ ጉዳይ ፍርድ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስጦታን መቀበል ቀላል እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሌላውን ስጦታ ከሥርዓት ጋር አስማምቶ መያዝም ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ተቀምጦ በ232 ገደማ አረፈ። የዕረፍቱ መታሰቢያ ጥቅምት 12 ቀን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተሾሙት ከዚያው ከእስክንድርያ መንበር ነው። ባሕረ ሐሳብም በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ፣ በጣት እየተቆጠረ ለዛሬው ትውልድ ደርሷል።

ትንሣኤ ለክርስቲያኖች ማንም በሥራው ያልገዛው ሕይወት የተሰጠበት ቀን ነው። ቀኑን ቀመረ የሚባለው ሰውም ያለ ወራቱ ያፈራውን ዘለላ ለራሱ ያላስቀረ ገበሬ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ካለን ላይ ለጎረቤት፣ ለአቅመ ደካማና ለተፈናቀለ ወገን ማካፈል የዚህ ስጦታ ተገቢ ምላሽ ይሆናል።