ማሪያ ቴሬዛ

ማሪያ ቴሬዛ (1717–1780 እ.ኤ.አ.) የኦስትሪያ ገዥ፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት ነበሩ። ኢትዮጵያን አይተዋት አያውቁም፤ ሆኖም መልካቸው የተቀረጸበት ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ከመቶ ዓመት በላይ የአገሪቱ ዋና መገበያያ ነበር። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ሕይወት

ማሪያ ቴሬዛ የተወለዱት በቪየና ነው። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ሴት ልጅም ግዛታቸውን መውረስ እንድትችል በ1713 ዓዋጅ አውጥተው ነበር። በ1740 ሲሞቱ ግን የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ዓዋጁን ችላ ብሎ ሲሌዢያ የተባለውን ግዛት ወረረ። ጦርነቱ እስከ 1748 ቆየ። ማሪያ ቴሬዛ ሲሌዢያን ቢያጡም ዙፋናቸውን አስከበሩ። ከዚያም ግብርንና ሠራዊትን እንደገና አደራጁ፤ በ1774 ልጆች ሁሉ እንዲማሩ አዘዙ።

ከባላቸው ከፍራንሲስ 1ኛ 16 ልጆች ወለዱ፤ ከነዚህም አንዷ የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ነበሩ። ባላቸው በ1765 ከሞቱ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሐዘን ልብስ ለበሱ። በጠገራ ብሩ ላይ ራሳቸውን የሸፈነው ሻሽ የመበለትነታቸው ምልክት ነው።

ጠገራ ብር

በስማቸው ብር መመታት የጀመረው በ1741 ነው። ከሞቱም በኋላ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ብቻ ይፈልጉ ስለነበር፣ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው።

በፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ በብር ማንኪያና ሹካ ላይ የሚመታው የሚኔርቫ ራስ የብሩን ጥራት ይመሰክራል። በኢትዮጵያ ገበያ ይህን ሥራ የሚሠራው የንግሥቲቱ መልክ ነበር። ተቀባዩ የራስ ጌጣቸውንና በትከሻቸው ያለውን የዕንቁ ጌጥ አገላብጦ ያያል፤ ከምስሉ ሥር ኤስ እና ኤፍ የተባሉትን የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። ፊደላቱ በጉንትስቡርግ የብር መምቻ ቤት የነበሩት የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ፍትሕንና ምሕረትን የሚጠራው የንግሥቲቱ መርሕ በላቲን ተጽፏል።

ዐፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያስመቱም ገበያው ማርትሬዛን አልተወም። በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ ብሩን አስመታ፤ ለኢትዮጵያ ወረራም ተጠቀመበት። ሕዝቡ ያመነው መልክ የወራሪው መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በነዚያው ዓመታት ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ያንኑ ብር መትተዋል።

ጠገራ ብር በኢትዮጵያ ከሕጋዊ መገበያያነት የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው። አንጥረኞች ብዙውን አቅልጠው መስቀልና ጌጣጌጥ ሠርተውበታል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች፤ ስለዚህ በአንድ ጠገራ ላይ 1780 ተጽፎ መገኘቱ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም።