ቤርናር ፓሊሲ፦ የእሳት ተማሪ

በእጅ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንድ አስደናቂ ድርጊት ጋር ብቻ ተቆራኝቶ የቀረ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህም አንዱ፣ የምድጃው እሳት እንዳይጠፋበት የቤቱን ጠረጴዛና ወለል ፈልጦ ያነደደው ፈረንሳዊው ቤርናር ፓሊሲ ነው። ድርጊቱ የጽናት ምሳሌ እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲወሳ ኖሯል። ይሁን እንጂ ባለሙያ የሆነ አንባቢ ሊመረምረው የሚገባው ሰውየው ቤቱን ማንደዱን ሳይሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ከምድጃው የተማረውን ነው።

ፓሊሲ በ1510 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተወለደ። የዘመኑ ሊቃውንት መለያ የነበሩትን ግሪክኛንና ላቲንን አልተማረም። የመጀመሪያ ሙያው በመስተዋት ላይ ሥዕል መሣል ነበር። በዚህ ሙያ ከብሩሹ ይልቅ እሳቱ ይከብዳል፤ የተቀባው ቀለም ከመስተዋቱ ጋር የሚዋሐደው በምድጃ ሙቀት ነውና። ሙቀቱ ካነሰ ቀለሙ ይረግፋል፤ ከበዛ መስተዋቱ ይጣመማል፤ በችኰላ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለሆነም ፓሊሲ ሸክላ መሥራት ሳያውቅ እሳትን መፍራትና ማክበር ተምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1540 ገደማ በሴንት ከተማ ከሰፈረ በኋላ አንድ የሸክላ ጽዋ አየ። ጽዋው በነጭ ኢናሜል፣ ማለትም በሸክላ ላይ ቀልጦ እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ቅብ፣ ያማረ ነበር። የቅቡን ምስጢር ለማግኘት ቆርጦ ተነሣ። የሸክላ ዕቃ እየገዛ ሰባበረ፤ እርሳስ፣ ቆርቆሮ፣ አንቲሞኒ፣ መዳብና ሌላም ማዕድን እየፈጨ በስባሪዎቹ ላይ ቀባ፤ በእያንዳንዱም ላይ ምልክት አድርጎ የተቀባውን ነገር ዓይነት መዘገበ። ሙከራው በራሱ ምድጃ አልሳካ ስላለው፣ ስባሪዎቹን በመቶ እየቈጠረ ወደ ሸክላ ሠሪዎች ምድጃ ላከ። እነዚያም ሳይቀልጡ ተመለሱ። በመጨረሻ የሸክላ ሠሪዎቹ እሳት ለኢናሜል እንደማይበቃ ተረድቶ ወደ መስተዋት አቅላጮች ምድጃ ዞረ። ከብዙ ድካም በኋላ፣ ከ300 በላይ ከሆኑት ስባሪዎች አንዱ በአራት ሰዓት ውስጥ ነጭና ልሙጥ ሆኖ ወጣ።

መከራው ግን ያኔ ጀመረ። በስባሪ ላይ የተሳካውን በሙሉ ዕቃ ላይ ለመድገም፣ እንደ መስተዋት አቅላጮቹ ያለ ምድጃ በገዛ እጁ ገነባ። ጡቡን በጀርባው ተሸከመ፤ ውኃውን ራሱ ቀዳ፤ ጭቃውን ራሱ አቦካ። ስድስት ቀንና ስድስት ሌሊት ቢያነድም ኢናሜሉ አልቀለጠም። ማቅለጫው ያነሰ መስሎት እሳቱ ሳይጠፋ አዲስ ቅብ ሲፈጭ እንጨቱ አለቀ። ወለሉና ጠረጴዛው የነደዱት በዚህ ጊዜ ነበር። ጎረቤቶቹ እንደ እብድ ቈጠሩት፤ አበዳሪዎቹ አስጨነቁት፤ ሚስቱና ልጆቹም ሳይመርጡት ችግሩን ተካፈሉ።

የሚቀጥለው ውድቀት ለምድጃ ሠሪ ሁሉ ትምህርት ነው። ጡቡን ያያያዘበት ጭቃ ባልጩት የተቀላቀለበት ነበር። እሳቱ ሲግል ድንጋዩ ፈንድቶ በቀለጠው ቅብ ላይ ተበተነ፤ ቅቡ ሲረጋም ስለቱ እንደ ምላጭ ተጣብቆ ቀረ። ዕቃዎቹን በርካሽ የሚገዛ ባይጠፋም፣ ስሙን ላለማጉደፍ ሁሉንም ሰባበራቸው። በሌላ ጊዜ ነበልባሉ ያነሣው አመድ ቅቡን አሻከረው። ለዚህ መድኃኒቱን አገኘ፤ ይኸውም ዕቃውን ወደ ምድጃ ሲያስገባ ነበልባል እንዳይነካው በሸክላ ማቀፊያ ውስጥ መክተት ነው። እንደገና ደግሞ አንዱ ቀለም ሳይቀልጥ ሌላው እንደሚያርር ተመለከተ፤ ስለዚህ ቅቦቹን በአንድ ሙቀት አብረው እንዲበስሉ አድርጎ ማስማማት ግድ ሆነበት። ይህ ሁሉ 16 ዓመት ያህል ፈጀ።

ከዚያ በኋላ እባብ፣ እንሽላሊት፣ ዓሣና ቅጠል ሕይወት ያላቸው መስለው የሚታዩባቸው ሳሕኖቹ ዝናን አተረፉለት። የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ በመሆኑ በ1560ዎቹ መጀመሪያ ቢታሰርም፣ ጥበቡን የወደዱ መኳንንት አስፈቱት፤ ቆይቶም ለካትሪን ደ ሜዲቺ በፓሪስ በቱይለሪ ሠራ። በ1980ዎቹ በሉቭር አካባቢ በተካሄደው ቁፋሮ የሥራ ቦታው ቅሪት ተገኝቷል። ከ1575 ጀምሮ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ውኃና ስለ አፈር በክፍያ ያስተምር ነበር፤ ስሕተቱን ላስረዳውም የከፈለውን አራት እጥፍ ሊመልስለት ቃል ገባ። በ1580 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ንድፈ ሐሳብና ተግባር እንደ ሁለት ሰዎች ሆነው ይነጋገራሉ፤ አስተማሪዋም ተግባር ናት። የምድጃው ታሪክ የደረሰን በዚሁ መጽሐፍ ከራሱ አንደበት ስለሆነ፣ ተራኪው ለራሱ ማድላቱን አንባቢ ማሰቡ አይከፋም። የኢናሜሉን ልክ ግን በዚያም አልገለጠም።

በእርጅናው ዘመን እምነቱን አልለውጥም ብሎ እንደገና ታሰረ፤ በ1590 ገደማም በባስቲል እስር ቤት ሞተ።

እንግዲህ የፓሊሲን ጽናት ማድነቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ድል ያስገኘለት የነደደው ጠረጴዛ ብቻ አይደለም፤ ያ እሳት ብቻውን ሌላ ዕዳ እንጂ ጽዋ ባላስገኘ ነበር። ድሉን ያመጣው ምልክት የተደረገበት ስባሪ፣ የተመረመረ ጭቃና ዕቃን ከነበልባል የከለለ ማቀፊያ ነው። የቅቡን ልክ ቢደብቅም፣ ውድቀቱን ሳይሸሽግ መጻፉ ለባለሙያዎች የተወው ታላቅ ስጦታ ነው። የራሱን ስሕተት የሚመዘግብ ባለሙያ ተከታዮቹን ከብዙ ወጪና ከብዙ ዕንባ ያድናልና።