የተከዜ መርዝና የራስ እምሩ ምስክርነት

የፎገራ ገበሬ ርብንና ጉማራን የሚያውቃቸው የእርሻው አለኝታ፣ የከብቱም መጠጫ አድርጎ ነው። ወንዝ የሞት ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል ግን የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ይህን መራራ እውነት ስናነሣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን እናስታውሳለን።

በ1885 ዓ.ም. የተወለዱት እምሩ የመኳንንት ወገን ቢሆኑም ርስታቸውን ለገበሬዎች በማከፋፈላቸው በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የተወደዱ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ሆኑ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን የጦራቸው ግንባር ቀደም ክፍል ደምበጉና ላይ የወራሪውን ታንኮች ከጥቅም ውጭ አድርጎ ድል ነሣ።

ወራሪው የሰጠው መልስ መርዝ ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ ከጣሏቸው ዕቃዎች ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ። የወታደሩ እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ እየቋጠረ ተላጠ፤ ከወንዙ የጠጣው የአካባቢው ገበሬም ከጉዳቱ አልዳነም። ይህ የሰናፍጭ ጋዝ በ1917ቱ የጄኔቭ ስምምነት የተከለከለ ሲሆን ኢጣልያም ስምምነቱን ተቀብላ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ የእምሩ ጦር ሽሬ ላይ ተሸነፈ። በመጋቢት ጎንደር፣ በሚያዝያ ደብረ ታቦር በወራሪው እጅ ወደቁ። እምሩ ግን በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጥለው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተግዘው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከሰባት ዓመት ገደማ ግዞት በኋላ ተመልሰው በተከዜ ዳር ያዩትን መሰከሩ።

ከመርዙ ያላነሰው ግፍ መካዱ ነው። የኢጣልያ መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ እምሩ ከሞቱ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ባዶሊዮም ሆነ ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ወንጀል ለፍርድ አልቀረቡም። ፈረንሳይም የአልጄሪያን ጦርነት በሕጓ ጦርነት ብላ የጠራችው በ1992 ዓ.ም. ነው። ቅኝ ገዥነት በመሣሪያ የገደለውን በዝምታ ደግሞ ይቀብረዋል።

ስለዚህ የወረታ የቀበሌ ማኅበር አባላትና ሠራተኞች ከአያቶቻችን የወረስነውን ምስክርነት ለልጆቻችን የማስተላለፍ ግዴታ አለብን። በዳይ ለስድሳ ዓመት ሲክድ እውነቱን ጠብቆ ያቆየው የተበዳዩ ትዝታ ነውና።