ዳግማዊ ምኒልክና የመኪናይቱ ሐኪም

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ከዚያ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አድዋን የማያውቅ የለም። ከአድዋ ሌላ የሚነሳላቸው ለማሽን የነበራቸው ፍቅር ነው፤ ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ ሲመጣላቸው ውስጡን ሳያዩ አያርፉም ነበር ይባላል።

አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አመጣላቸው፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አስነስቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አልፎ አዲስ አበባ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት።

መኪናይቱ ገባች፤ ሐኪም ግን አልነበራትም። የዚያ ዘመን ሞተር ቶሎ የሚታመም ነበር፤ በተለይ ባልቦላው። ባልቦላ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን የሚያስገባ፣ ጭሱን የሚያስወጣ በር ነው። በሩ በደንብ ካልገጠመ ጉልበቱ ይሾልካል።

ምርመራው በእጅና በጆሮ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከፊት ያለው እጀታ በዝግታ ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር እጅን እኩል መግፋት አለበት፤ ሳይታገል የሚያልፈው ያፈሳል። የማፍሰስ ድምፅ በጭስ ማውጫው በኩል ከተሰማ የታመመው የማስወጫው ባልቦላ ነው፤ በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ የማስገቢያው። ሞተሩ ሲሠራ «ጠቅ ጠቅ» ካለ የፑንተሪያው ክፍተት ሰፍቷል። ክፍተቱ ሲጠብ ግን ድምፅ የለም፤ ብረቱ ግሎ ይረዝምና ባልቦላው ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ማሳሳቻ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጅቡቲ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ድካም ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ነው። አንዱ ብቻ ከደከመ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባልቦላው ነው። ይህን ያልለየ ሰው ጤነኛ ሞተር ይፈታል፤ መለዋወጫ በሌለበት አገር ደግሞ የተፈታ ሞተር ተመልሶ ላይገጠም ይችላል።

ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ የሚያውቀው ሰው ግን መማር አለበት። መኪናይቱ ከመጣች ብዙም ሳይቆይ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ሕመም ጸናባቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የጀመሩት የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም። ትምህርት ቤቱ ግን በሕይወት ሳሉ ተማሪ ተቀብሎ ነበር።