ወላጆቹን ያጣ ሕፃን፣ ልጆቹን ያጣ አባት
(ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ)



አምና አባቴን ስንቀብር በድንኳኑ ውስጥ ሲነሣ የሰነበተው ወሬ አንድ ነበር፤ ሰውየው ከአገሩ በባዶ እጁ መጥቶ፣ ማንም ሳይደግፈው ቤት ሠራ፣ ልጆች አስተማረ የሚል። ያን ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያነበብኩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ነው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ሁላችንም እንሰማለን። አባትነታቸው ግን ብዙም አይነሣም።

የተወለዱት ጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሕፃኑ ወርቅነህ ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለያየ። ብቻውን የቀረውን ልጅ ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁም ስሙን ከአንዱ፣ የአባት ስሙን ከሌላው ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ለብዙ ዘመን ጠሪ አጣ።

የቀረው የራሳቸው ላብ ነው። በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን በ1874 ዓ.ም. ሲጨርሱ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት ሠሩ። ደመወዝ አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ ዘመድ ግን የለም። የዓድዋ ድል ወሬ በየአገሩ ሲናኝ አገራቸውን ማየት ተመኙና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጡ። አማርኛ አይችሉም። እዚህ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩዋቸው! ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ልጅ። ወርቅነህ የሚለውን ስም መልሰው ያገኙትም ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም. ጠቅልለው ገቡ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት በኃላፊነት የመሩት እሳቸው ናቸው። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች በተቋቋመው ትምህርት ቤትም ደክመዋል። በ1920 ዓ.ም. ለጣና ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከው ሳለ ሃርለም ድረስ ሄደው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ጨርጨርንም ገዝተዋል። ሹመቱን ሁሉ ብዘረዝር ወረቀቱ አይበቃኝም።

እኔን የያዘኝ የወንዶቹ ልጆቻቸው ነገር ነው። ዮሴፍንና ቢንያምን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ምሕንድስና አስተማሯቸው። እሳቸው በሰው ቸርነት ያገኙትን ትምህርት ልጆቻቸው በአባታቸው ገንዘብ አገኙት፤ ለአንድ አባት ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም። ጠላት አገራችንን ሲወርር አባት በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ርዳታ ይለምናሉ፤ ልጆች እዚህ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ዘምተዋል። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር እጃቸውን ሰጡ። በየካቲት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል ጣሊያን የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጀ። ዮሴፍና ቢንያምም አብረው ተገደሉ።

አባት ውጭ አገር ናቸው። አስከሬን አላዩም፣ ግብዓተ መሬት አልፈጸሙም። ዛሬ እኛ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሦስት ቀን ተቀምጠን እንኳ ኀዘኑ አልወጣ ይለናል። የእሳቸውን ሳስበው፣ ባላስተማርኳቸው ኖሮ የሚል ነገር በልባቸው አልፎ ይሆን እላለሁ። እኔ አባት ነኝና ያልፋል ባይ ነኝ።

ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ፣ ወዳደጉበት አገር ሄዱ። በ1934 ዓ.ም. ነፃ ወደወጣችው አገራቸው ተመለሱና መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ማስታወሻ መያዝ ልማዳቸው ነበርና የጻፉትን ቤተሰቡ ጠብቆ አቆይቶት ለታሪክ ጸሐፊዎች ምንጭ ሆኗል።

የኔ አባት ማስታወሻ አልነበረውም። ሣጥኑን ስከፍት ያገኘሁት የእድር መዋጮ ደረሰኝ ነው፤ በክር ታስሮ፣ አንድ ወር ሳይጎድል። ከየት እንደመጣ፣ የእናቱ ስም ማን እንደነበር ለልጆቼ ልጽፍ ብዬ ደብተር ገዝቻለሁ። አብራችሁት የሠራችሁ ሽማግሌዎች ካላችሁ፣ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።