ክሮሞዞምን በቀለም ያሳየው ሐኪም

ዋልተር ፍሌሚንግ እ.አ.አ በ1843 በጀርመን ሽዌሪን ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ የአእምሮ ሐኪም ነበር። እርሱም ሕክምና አጥንቶ በፈረንሳይና ፕሩሺያ ጦርነት በሐኪምነት ካገለገለ በኋላ፣ ከ1876 ጀምሮ በኪል ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ። ከደመወዙም ለቤት አልባዎች መጠለያ ይለግስ ነበር።

በዚያ ዘመን የሕዋስ ውስጠኛ ክፍል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለም ስለሌለው አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነበር። ፍሌሚንግ ከእንቁራሪት ጋር የሚዛመደውን የሳላማንደር እጭ ሕዋሳት በሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ነከራቸው። በአስኳሉ ውስጥ ቀለሙን የመጠጡ ክር መሰል ነገሮች ጎልተው ታዩት። ሕዋሱ ሲከፈል እያንዳንዱ ክር በቁመቱ ተሰንጥቆ ለሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት እኩል እንደሚደርስ ተገነዘበ። ግኝቱን በ1882 በመጽሐፍ አሳተመ። ክሮቹ ክሮሞዞም የተባሉት በ1888 ነው። የዘር ውርስ በእነርሱ እንደሚተላለፍ ሳይረጋገጥ ፍሌሚንግ በ1905 በ62 ዓመቱ አረፈ።

የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑ የታወቀው በ1956 ነው። በ1959 ደግሞ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች አንድ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም እንዳላቸው ተገለጸ። ዛሬም ምርመራው የፍሌሚንግን መንገድ ይከተላል፤ ከደም የተገኙ ሕዋሳት በመከፈል ላይ እንዳሉ ተይዘው ይቀለማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ክሮሞዞሞቻቸውም በ23 ጥንድ ይደረደራሉ።

ስለዚህ ዳውን ሲንድሮም እርግማን አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ ወቅት በበላችው ወይም በሠራችው ነገር የሚመጣም አይደለም። እነዚህ ልጆች የልብ ችግር ሊኖርባቸው ስለሚችል ወላጆች ሳይደብቋቸው በጊዜ ወደ ጤና ተቋም ሊወስዷቸው ይገባል።